ከጨረሩ ይልቅ ደካማውን አንቴና ፍሩ



«የሞባይል ጨረር ካንሰር ያመጣል?» እያላችሁ መድኃኒት ቤት ድረስ ትጠይቁኛላችሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚባሉት መድቦት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና በ2024 የወጣው የጥናቶች ግምገማ ግን ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም።

እኔን የሚያሰጋኝ ደካማ አንቴና ነው። በሊማሊሞ ጥምዝምዝ ተራራው ሞገዱን ሲጋርደው ስልኩ ማማውን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አንቴናው ደካማ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይገናኝም። ምጥ ለያዛት እህታችን አምቡላንስ የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው!

የአንቴና ደረጃ ቅንጦት አይደለም። ስልኩ በእጅና በጭንቅላት አጠገብ ሆኖ ምን ያህል እንደሚልክ፣ ምን ያህል ደካማ ሞገድ እንደሚቀበል በላቦራቶሪ ይለካል። አስመስለው የተሠሩት ለመለካታቸው ግን ምን ዋስትና አለ? ምንጩ ያልታወቀ መድኃኒት እንደማትገዙ ሁሉ፣ ስልክም ስትገዙ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፈቀደው መሆኑን ጠይቁ። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ጉድለቱን ደብቆ መሸጥ ሐላል እንዳልሆነ አትርሱ።

ስትደውሉ የስልኩን ጀርባ በመዳፋችሁ አትሸፍኑ። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። ወላሁ አዕለም።