የባልደረባ ፍቅር በብር ሲመነዘር

«ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ግን ልጆቹን ትቼ እንዴት ልሂድ?» የሚል አነጋገር በአዲስ አበባ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዘንድ የተለመደ ነው። ለመሆኑ የሥራ ባልደረባን መውደድ ሥራ በመልቀቅ ውሳኔ ውስጥ ሊገባ ይገባዋልን? ብዙዎች ጉዳዩን የስሜት ብቻ አድርገው ያልፉታል። ይሁን እንጂ ሒሳብ አለው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የባንክ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ለግል ባለሀብቶች ከተፈቀደና አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በርካታ የመንግሥት ባንክ ሠራተኞች ነባር ጓደኞቻቸውን ከአዲስ ደመወዝ ጋር ማመዛዘን ነበረባቸው። ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸድቆ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ያው ምርጫ ተመልሶ መጥቷል።

ለምሳሌ ያህል በወር 20,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በ26,000 ብር ተጠራ እንበል። የ6,000 ብሩ ጭማሪ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ከዚሁ ላይ 35 በመቶ የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 420 ብር ይነሳል። እጅ የሚገባው 3,480 ብር ነው። አዲሱ መሥሪያ ቤት አንድ ታክሲ ካስጨመረ ይህም ይሳሳል። ስለዚህ ፍቅሩ መመዘን ያለበት ከተጣራው ገንዘብ ጋር ነው።

በሌላው የሚዛን ጎን ያለውም መጣራት አለበት። ዕቁብና ማኅበር ሥራ በመልቀቅ አይፈርስም፤ ወዳጅነትም ከቢሮ ውጪ ይኖራል። በመልቀቅ የሚጠፋው ሥራ ሲበዛ የሚያግዝ፣ ስህተትን አለቃ ሳያየው የሚያርም፣ ሙያ የሚያስተምርና በብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ዋስ የሚሆን ባልደረባ ነው። የገንዘብ ጉድለት ከኪሱ ለሚያስከፍለው ገንዘብ ያዥ፣ አጠገቡ የታመነ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። የማኅበሩን ብድር ሳይዘጋ የሚወጣ ደግሞ ዕዳውን የሚተወው እወዳቸዋለሁ ለሚላቸው ዋሶቹ ነው።

ሆኖም ፍቅር ዋስትና አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት ለባልደረቦቹም ነው። ለጓደኞቹ ብሎ ጭማሪውን የተወ ሰው በዓመቱ ብቻውን ሊቀር ይችላል። «እዚህ ቤተሰብ ነን» የሚል አሠሪም ቤተሰብነቱን የደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ ጭምር ሊያሳይ ይገባል።

እንግዲህ የሚያስተምረውና የሚያግዘው ባልደረባ ያለው ሰው ለ3,480 ብር ባይቸኩል ያዋጣዋል። አብረውት ከመሳቅ ሌላ የማይጨምሩለት ባልደረቦች ያሉት ግን ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሳቁ ቅዳሜ ይደርሳል።