በራስ ላይ የሚመሰክር ደብተር

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ጨዋታ ተነሣና፣ ማታ ማታ የዕለት ማስታወሻ እንደምጽፍ አምልጦኝ ተናገርኩ። ከጎኔ የነበረው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሳቀና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ራስህን ልትሰልል ነው?» አለኝ። ሌላው ተቀበለና፣ «ይኸ የፈረንጅ ልማድ ነው። እኛ ጎረቤት አለን፣ ቡና አለን፣ የንስሐ አባት አለን። ከወረቀት ጋር የሚያወራ ሰው ያጣ ሰው ነው» አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደግሞ፣ «ልጄ፣ ገመናን በጽሑፍ አስቀምጦ መሞት ምን ይሉታል?» ብለው ነገሩን ዘጉት። ለቅሶ ቤት መከራከር ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የመረታት አልነበረምና፣ መልሴን እዚህ ላስፍር።

«ራስህን ልትሰልል ነው?» ባለኝ ጓደኛዬ አልፈርድበትም። የእኛ ትውልድ ወረቀት የሚፈራበት ምክንያት አለው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ደብተሬን ከፍራሽ ሥር አወጣችና፣ ማንበብ ስለማትችል ምን እንዳለበት እንኳ ሳታውቅ፣ እንጀራ በምትጋግርበት ምድጃ ማገደችው። ደብተሩ ውስጥ የነበረው ስለ አንዲት የሰፈራችን ልጅ የጻፍኩት ብቻ ነበር። በስንት ቤት ስንት ደብተር እንዲህ ተማግዷል! ከዚያ በኋላ ስለ ራሳችን መጻፍ የተማርነው ለሰሚ ነው። የሕይወት ታሪክ ለካድሬ፣ ግለ ሂስ ለውይይት ክበብ። የትኛው ጥፋት ቢናዘዙት እንደሚያስመሰግን፣ የትኛው እንደሚያስቀጣ እያሰላን መጻፍ ለመድን። ስለዚህ ጓደኛዬ ስለ ራስ መጻፍን ከስለላ ጋር ቢያዛምደው አልደነቀኝም። ነገር ግን መፍትሔው መጻፍን መተው ነው? ወይስ ያን ጊዜ የተነጠቅነውን፣ ሰሚ የሌለበትን ጽሑፍ፣ መልሰን መያዝ?

«የፈረንጅ ልማድ ነው» ላለኝ ደግሞ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ መያዛቸውን፣ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ምሁርም ከዚያው ብዙ መቅዳቱን ብነግረው፣ «እሳቸውማ ከመቅደላ ተወስደው በእንግሊዞች እጅ ያደጉ ናቸው» እንደሚለኝ ዐውቃለሁ። ይሁን። እንግዲያው ወደ አድባራቱና ወደ ገዳማቱ እንሂድ። አባቶቻችን የርስት ስጦታን፣ የመሬት ሽያጭን፣ ውልን የት ነበር የሚያስጽፉት? በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ አልነበረምን? «የወርቅ ወንጌል» የሚባሉት መጻሕፍት በዚህ የተሞሉ ናቸው። ይህን ያደረጉት ሰው እንደሚክድ ስለሚያውቁ ነው። ክፋት ባይኖርበት እንኳ፣ ቀን ሲያልፍና ጥቅም ሲያሳሳ ትዝታ ድንበር እንደሚገፋ ስለሚያውቁ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ለጌጥ አይደለም። ታዲያ ለአንድ ጥማድ መሬት የጽሑፍ ምስክር የፈለገ ሕዝብ፣ ወደ ገዛ ምግባሩ ሲመጣ ትዝታውን ያለ ምስክር የሚያምነው ስለ ምንድን ነው?

ቡናውን አልጠላም። ዳሩ ግን ቡና ላይ በተወራ ጠብ ውስጥ በዳዩ ራሱ ተራኪው ሆኖ ያየ አለ? ባወራነው ቁጥር እናሳምረዋለን። በአቦሉ ትንሽ ያጠፋን ሰዎች፣ በረካው ላይ ስንደርስ ንጹሐን ሆነን እንነሣለን። የንስሐ አባትም ቢሆኑ የሚሰሙት የምናስታውሰውን ነው። የረሳነውን፣ ይልቁንም ረስተን በሌላ ሰው ላይ የለጠፍነውን ኃጢአት ከየት አምጥተን እንናዘዘው?

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ቃርሜ አይደለም። እናቴ ያረፈችው በ1987 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ክፍለ ሀገር አስተማሪ ነበርና ለሕመሟም ለቀብሯም አልደረሰም፤ የመጣው ለሰልስት ነው። ከዚያ ወዲህ 22 ዓመት ሙሉ፣ በየለቅሶውና በየሠርጉ «እናቱ ስታጣጥር ያልመጣ» እያልኩ ስሙን አነሣሁ። ልጆቼም አጎታቸውን በዚሁ ስም አወቁት። በ2009 ዓ.ም. የምንኖርበት ሰፈር ለልማት ሲነሣ ዕቃ ስንሸክፍ፣ ከ1984 ጀምሮ ዳግመኛ መጻፍ የጀመርኩባቸው ደብተሮች ከሣጥን ወጡ። አንዱን ገለጥኩ። ሐምሌ 21 ቀን 1987፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ቢሮ ደወለ። እማዬን ማየት ይፈልጋል። ደመወዝ ስላልወጣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ላክልኝ አለ። የለኝም አልኩት። ነበረኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። በእነዚያ 22 ዓመታት ዋሽቼ አልነበረም። ውሸት ቢሆን ኖሮ መዋሸቴን ዐውቀው ነበር። ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ጥፋቴ ከእኔ ላይ ተነሥቶ በወንድሜ ትከሻ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ትዝታዬ ሌት ተቀን ሲሠራልኝ ኖሯል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲባል ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካስ የሚተረትብኝ እኔው ነበርኩ። ደብተሩን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩና አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ አልረሳሁትም» አለኝ። ዛሬ እንደ ጥንቱ ሆነናል ብዬ አልዋሽም። ልጆቼ ግን እውነቱን ዐውቀዋል።

እንግዲህ በሌላው ወገን የቆሙትንም ሳልነካ አላልፍም። በየመጻሕፍት መደብሩ «በዚህን ያህል ቀን ሕይወትህን ለውጥ» የሚሉ ደብተሮች ይሸጣሉ። «ዛሬ ያመሰገንኩት»፣ «ነገ የማሳካው» የሚል ክፍት ቦታ አላቸው። «ዛሬ የዋሸሁት» የሚል ክፍት ቦታ ያለው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ማመስገን መልካም ነው። ሆኖም ራሱን እያመሰገነ ብቻ የሚጽፍ ሰው ደብተር ሳይሆን መስታወት ነው የገዛው፤ ያውም የሚያሳምር መስታወት።

ምርምሩም ቢሆን ከእነሱ ጋር አይቆምም። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ 46 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ከፊሎቹ የጻፉት ስለ ተራ ነገር፣ ከፊሎቹ ደግሞ ክፉኛ ስለ ጎዳቸው ነገር ነበር። የደረሰባቸውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት፣ እንደ ጨረሱ ከፍቷቸው ነበር። በተከታዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው። ኋላ በተደረጉ ጥናቶች ውጤቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አልጠነከረም፤ ለሰው ሁሉም እኩል አይሠራም። ነገር ግን የተጻፉት ቃላት ሲመረመሩ ይበልጥ የተጠቀሙት፣ ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»ና «ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላት የበዙላቸው ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የሚጠቅመው «ምን ተደረግሁ?» ብሎ ከማልቀስ አልፎ «ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ነው ማለት ነው።

የቀሩኝ እኒያ እናት ናቸው። እናቴ፣ እውነት ብለዋል፤ ገመና ይሸፈናል። የሚሸፈነው ግን ከሰው ነው። ከራሳችን የሸፈንነው ገመና የትም አይሄድም፤ የእኔው ወንድሜ ላይ እንዳረፈ፣ ሄዶ በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ለደብተሩ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይበቃዋል። ሞት ሳይቀድመኝ አቃጥለዋለሁ ያለም ያቃጥል። ግን አንብቦ ያቃጥል።

እናቴ በ1969 የማገደችው ደብተር ግን ሳይነበብ ሄዷል። ስለዚያች የሰፈራችን ልጅ ምን እንደ ጻፍኩ አላስታውስም። ለምን እንደ ተለያየን ትዝታዬ ዛሬም የሚነግረኝ አንድ ያማረ ታሪክ አለ። በታሪኩ ውስጥ በዳይዋ እሷ ናት። አላምነውም።