«ደረቅ ቆሻሻ» ደረቅ ካልሆነስ?

ከየቤቱ የሚሰበሰበው ጥራጊ በደንቦችና በመመሪያዎች ውስጥ «ደረቅ ቆሻሻ» ተብሎ ይጠራል። ስያሜው የተመረጠው ከመጸዳጃ ቤትና ከፍሳሽ መስመር ከሚወጣው «ፍሳሽ ቆሻሻ» ለመለየት ስለሆነ በዚያ ረገድ እንከን አይወጣለትም። ሆኖም ቆሻሻን እየጠቀጠቀ የሚጭነው፣ በተለምዶ «ኮምፓክተር» የሚባለው መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆሞ ሲሠራ ጥቂት ደቂቃ የታዘበ ሰው ስያሜውን መጠራጠሩ አይቀርም። መኪናው በጎረሰ ቁጥር ከጅራቱ ሥር ጠቆር ያለ ፈሳሽ ወደ አስፋልቱ ይንቆረቆራል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ጥፋቱንም በሹፌሩ ወይም ባረጀው ጎማ ማሸጊያ ላይ ያሳብባል። የማሸጊያው ማርጀት የራሱ ድርሻ አለው። በእኔ እምነት ግን ያ ፈሳሽ ከሁሉ በፊት የሚነግረን መኪናው ያልተሠራበትን ሥራ እየሠራ መሆኑን ነው።

ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ መሣሪያውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በከተማችን በብዛት የሚታየው ከኋላ የሚጫነው ዓይነት ነው። በጅራቱ ላይ ሠራተኞቹ ቆሻሻውን የሚጥሉበት ጎድጓዳ መቀበያ አለ። ከመቀበያው በላይ በሃይድሮሊክ ሲሊንደሮች የሚንቀሳቀሱ ሁለት የብረት ሳህኖች ይገኛሉ። ታችኛው እንደታጠፈ መዳፍ ተዘርግቶ ይወርድና ቆሻሻውን ጠርጎ ያፍሳል፤ ላይኛው ደግሞ በሐዲዱ ላይ ሽቅብ እየተንሸራተተ የታፈሰውን ወደ ዋናው ሳጥን ይገፋዋል። ይህ ዑደት ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይፈጸማል።

ከውጭ የማይታየው የሳጥኑ ውስጥ ነው። በዚያ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ አለ። መኪናው ባዶ ሲሆን ይህ ግድግዳ ከኋላው በር አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጭነት ሲገፋው ወዲያው አይሸሽም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከተወሰነ ግፊት እስኪደርስ ድረስ ተቋቁሞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጥቂት ወደ ፊት ያፈገፍጋል። ስለዚህ ጠቅጣቂው ሳህኑ ብቻ አይደለም፤ የግድግዳውም እምቢታ ነው። ማራገፊያ ቦታ ሲደረስ ያው ግድግዳ ጭነቱን በሙሉ ወደ ኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። ከዚህ የተለየ ስልትም አለ። ዛሬ በፋብሪካ ሮቦቶቹ የሚታወቀው የጀርመኑ ኩካ ኩባንያ ቀደም ባሉት ዘመናት እንደ ኮንክሪት ማደባለቂያ የሚሽከረከር በርሜል የተገጠመላቸውን የቆሻሻ መኪኖች ይሠራ ነበር፤ በበርሜሉ ውስጥ የተጠመዘዘው ክንፍ ቆሻሻውን እየቆራረጠና እየፈጨ ወደ ፊት ይነዳዋል።

የፓስካልን ሕግ የተማረ ተማሪ የሳህኑን ጉልበት በራሱ ሊያሰላው ይችላል። የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር በ180 ባር ግፊት ሲሠራ 141 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ ማለትም የ14 ቶን ክብደትን የሚያህል ጉልበት ይሰጣል። ሁለት ሲሊንደሮች ሲጣመሩ 28 ቶን ይሆናል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ይህ ጉልበት ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሴንቲሜትር በሆነ ሳህን ላይ ሲከፋፈል የሚገኘው ግፊት 1.8 ባር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ 1.8 ባር ምን ሊያደርግ ይችላል? የካርቶን ሳጥን ይደፈጥጣል፤ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ያጣብቃል፤ የተንጠለጠለ ፌስታል ያስተኛል። በሌላ አነጋገር በዕቃዎቹ ውስጥና መካከል የተኛውን አየር ያስወጣል። ውሃን ግን ንቅንቅ አያደርገውም፤ በዚህ ግፊት ውሃ ከይዘቱ የሚቀንሰው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኮምፓክተር አየር የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። በቆሻሻው ውስጥ አየር ከሌለና ውሃ ካለ፣ የሚወጣው ውሃው ነው።

መሣሪያው የተወለደበትን ቦታና ዘመን ስናስብ ይህ አያስገርምም። አሜሪካ ውስጥ ጋር ውድ የተባለው ኩባንያ ቆሻሻን በመኪናው ላይ የሚጠቀጥቀውን «ሎድ ፓከር» ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር የቤት ማሞቂያ ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝና ዘይት ሲዛወር ከባዱ አመድ ከቆሻሻው ውስጥ እየጠፋ ሄደ፤ በምትኩ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ በዛ። ቆሻሻው እየቀለለ፣ የሚይዘው ቦታ ግን እየሰፋ መጣ ማለት ነው። ሳጥኑ ሞልቶ መኪናው ግን ገና ቀላል ሆኖ መጓዙ እውነተኛ ችግር ነበር፤ ኮምፓክተሩም ለዚያ ችግር ብልኅ መፍትሔ ሆነ።

የእኛ ችግር ያው መሆኑን የጠየቀ አለ ወይ? በበለጸጉት አገሮች ከተሞች ያልተጠቀጠቀ የቤት ቆሻሻ በአንድ ሜትር ኩብ ከ100 እስከ 170 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ግን ያው ያልተነካ ቆሻሻ ከ250 እስከ 500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት በድሆቹ አገሮች ከቆሻሻው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የዕፅዋት ትራፊ ሲሆን፣ በሀብታሞቹ ዘንድ ድርሻው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ጥቅል ጎመን ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ መሆኑን እናስታውስ።

ሳጥኑ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ የተፈቀደለት ጭነት 7 ቶን የሆነ መኪና እናስብ። እፍግታው በሜትር ኩብ 120 ኪሎ ግራም የሆነ ቆሻሻ ሳይጠቀጠቅ ቢሞላበት የሚጭነው ከ2 ቶን ያነሰ ነው። ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ቢጠቀጠቅ ግን ወደ 7 ቶን ይጠጋል፤ አንድ ጉዞ የሦስት ጉዞ ሥራ ይሠራል። አሁን ደግሞ እፍግታው 350 የሆነውን ቆሻሻ እንሙላበት። ሳይጠቀጠቅ 5.6 ቶን ይሆናል። ከ7 ቶን በላይ መጫን ስለማይፈቀድ መጠቅጠቁ የሚያስገኘው ትርፍ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ለዚህች ሩብ ሲባል ፓምፑ፣ ሲሊንደሮቹ፣ ወፍራሙ ብረት ሁሉ ይገዛሉ፤ ክብደታቸውም በቶን የሚቆጠር ሲሆን ከሚፈቀደው ጭነት ላይ ይቀነሳል። ያንኑ ሻሲ ቀለል ያለ ክዳን ያለው ሳጥን ብንጭንበት ትርፉን ያለ አንዳች ሲሊንደር እናገኘው ነበር።

በአዲስ አበባ ይህን የሚያባብስ፣ ከሌላ አቅጣጫ ሲታይ ግን የሚያስመሰግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቁራሌው ነው። በየሰፈሩ እየዞረ የሚጮኸው ሰው ባዶ ጀሪካኑን፣ ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱንና አሮጌ ዕቃውን ይገዛል፤ ሃይላንዱን ደግሞ ሌሎች ለቃሚዎች እየለዩ ይወስዱታል። እነዚህ ሁሉ በሆዳቸው አየር የያዙ፣ ለመጠቅጠቅ የተመቹ ዕቃዎች ናቸው። ለመኪናው የሚተርፈው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የከሰል አመድና የግቢ ጥራጊ አፈር ነው። ኮምፓክተሩ ሊሠራው የመጣውን ሥራ ቁራሌው አንድ ሊትር ነዳጅ ሳያቃጥል ቀድሞ ጨርሶታል። የቀረው ደግሞ ለመሣሪያው ጠላቱ ነው፤ አመዱና አሸዋው የሳህኑን ሐዲድ ይሞርዳል፤ እየመረረና እየኮመጠጠ የሄደው ፈሳሽ ብረቱን ይበላል። በዚያ ላይ የሃይድሮሊክ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። አንዲት ማሸጊያ ቀለበት ስትበጠስ መኪናው ለሳምንታት የሚቆምበትን ግቢ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

«ውሃው ተጨምቆ ከወጣ ምን ከፋ? ወደ ማራገፊያው የሚሄደው ቆሻሻ ይደርቅ የለም ወይ?» የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አያስደስትም። በዕፅዋት ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ በሴሎቹ ውስጥ የታሰረ ነው፤ 1.8 ባር ደግሞ የሴል ግድግዳ ለማፍረስ አይበቃም። የሚወጣው በላዩ ላይ የተጣበቀው ነጻ ውሃ ነው። ስለዚህ መንገዱንም አበላሽተን ቆሻሻውንም አላደረቅነውም። የታሰረው ውሃ ከጭነቱ ጋር ይጓዛል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን በሞቱበት በረጲ፣ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ፋብሪካ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በእንዲህ ዓይነቱ ምድጃ ውስጥ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውሃ ለመትነን ብቻ 2.26 ሜጋ ጁል ሙቀት ይጠይቃል፤ ያም ሙቀት ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ላይ የሚነሳ ነው።

ይህን ስል ኮምፓክተር ከከተማው ይውጣ ማለቴ አይደለም። ክዳን አልባ ገልባጭ መኪና በነፋስ ፌስታል እየበተነ ሲሄድ የሚያሳየውን ገጽታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየመንደሩ መግቢያ የተቀመጠው 8 ሜትር ኩብ ገንዳ ሞልቶ ሲፈስና የውሻ መሰብሰቢያ ሲሆንም እንዲሁ። ከተማውም በአንድ ቦታ የቆመ አይደለም። ሆቴሎች፣ የቢሮ ሕንጻዎችና ሱፐርማርኬቶች የሚያወጡት ቆሻሻ በካርቶንና በማሸጊያ ፕላስቲክ የተሞላ ነው፤ ለእነርሱ ኮምፓክተር ተገቢ መሣሪያ ነው። የማራገፊያው ቦታ እየራቀ በሄደ መጠንም ያቺ የሩብ ትርፍ እንኳ ዋጋ ታገኛለች። ክርክሬ ከአንዱ የመኪና ዓይነት ጋር ሳይሆን መኪናን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ከመግዛት ልማድ ጋር ነው። በጋሪና በማዳበሪያ ከረጢት ከጠባቡ ቅያስ ቆሻሻ እየለቀሙ የሚያወጡት የጽዳት ማኅበራት አባላት የሚለብሱት ጓንትና ቦቲ ሳይሟላ፣ የሚለዩበትም ስፍራ ሳይኖራቸው፣ የከተማው ገንዘብ ውሃ ለሚጠቀጥቅ ብረት መዋሉ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ነው። ርጥቡን ከቤት ጀምሮ ለይተን ብናወጣ ለብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የሚቀረው ያን ጊዜ በእርግጥ ደረቅ ስለሚሆን መጠቅጠቁ ትርጉም ያገኛል።

እኔ የምጠይቀው አንድ ሰፈር መኪና ከመመደቡ በፊት እፍግታውና የውሃ መጠኑ እንዲለካ ነው። ሥራው ውድ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። 50 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በቆሻሻ ይሞላል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ሦስት ጊዜ ዱብ ይደረግና የጎደለው ይሞላል፤ ከዚያም ይመዘናል። ክብደቱን በ20 ስናባዛ እፍግታው በሜትር ኩብ ይገኛል። ከዚያው ላይ ጥቂት ኪሎ ናሙና ተወስዶ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ከደረቀ የጎደለው ክብደት ውሃ ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግን የግድ ነው። መለኪያው በበጋም በክረምትም መደገም አለበት፤ በሐምሌ የተከፈተ ገንዳ ዝናቡንም አብሮ ያስመዝናልና። ከበዓል ማግስትም ናሙና ባይወሰድ ይመረጣል፤ በፋሲካ ሰኞ የተሞላ ባልዲ የዶሮ ላባና የበግ ፈርስ ስለሚበዛበት የሌላውን ጊዜ ቆሻሻ አይወክልም።