አልነሣ ያለ ትራክተር እና የጥያቄ ቅደም ተከተል

ከሳን ሆዜ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የፍራፍሬ እርሻ ላይ፣ ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ አሮጌ የናፍጣ ትራክተር አልነሣ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ የአገራችን ሰው፣ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። በመጀመሪያ ባትሪውን ለወጠ፤ አልተነሣም። ቀጥሎ ሞተሪኖውን ለወጠ፤ አልተነሣም። የናፍጣ ፖምፓውን ሊያስፈታ ሲዘጋጅ ከኦክላንድ መልቲሜትር ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍና በትራክተሩ አካል መካከል የሚታየውን ቮልቴጅ ለካን። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የማይገባው ንባብ ወደ አራት ቮልት ተጠጋ። ኬብሉ ከሻሲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ሥር ዝገት ተሸሽጎ ነበር። በብረት ብሩሽ አጸዳነው፤ ትራክተሩ ተነሣ።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላሉ አበው። ወዳጄ የነከሰው ቀንድ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ የቆመ ማሽን ሁሉ የሞተ ማሽን አይደለም። ብዙ ጊዜ የጎደለው መለዋወጫ ሳይሆን በሥርዓት የተደረደረ ጥያቄ ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው ከእመቃ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ወደ አሥራ ስድስተኛ ገደማ እጁ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በዚያ ላይ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ ግን የታመቀው አየር በፒስቶኑ ዳር ያመልጣል፣ ሙቀቱም ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይሸሻል፤ እሳትም አይኖርም። አንድ የዛገ ቡሎን ግዙፉን ሞተር የሚያስቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከቀላሉና ከርካሹ መጀመር አለበት። ቁልፉ ሲዞር ምን ይሰማል? ምንም ካልተሰማ ፊውዙን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ የፍሪሲዮኑን የደኅንነት ማብሪያ ማየት ነው። «ቀጭ» ብቻ ካለ ባትሪውንና ኬብሎቹን መለካት ነው። ያረፈና የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣስ? ጭሱን እንመልከት። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም፤ ሰልባቲዮው፣ ፊልትሮው ወይም በመስመሩ ውስጥ የገባ አየር ይጠረጠራል። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም፤ ምክንያቱ ቅዝቃዜ ወይም የእመቃ መድከም ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በጠመንጃ መፍቻ የሞተሪኖውን ጫፎች አገናኝቶ ማስነሣት ግን ፈጽሞ አይገባም። ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በድንገት ተነሥቶ በፊቱ የቆመውን ሰው ይጨፈልቃል።

ይህ ችግር ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ቤንጃሚን ሆልት በሰንሰለት የሚሄደውን ትራክተሩን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1904 የሞከረው ከዚህ ብዙ በማይርቀው በስቶክተን ነው። የቤስት ቤተሰብ ፋብሪካ ደግሞ ከኦክላንድ ጋር በምትዋሰነው በሳን ሊያንድሮ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ተዋሕደው ካተርፒላርን ወለዱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1931 የናፍጣ ትራክተር ለገበያ ሲያቀርብ ትልቁ ፈተና ሞተሩን ማስነሣት ነበር። መሐንዲሶቹም ትንሽ የቤንዚን ሞተር ከጎኑ አኖሩ፤ ገበሬው ትንሹን በእጁ አስነሥቶ፣ ትንሹ ደግሞ ትልቁን ያዞረዋል። ብልሃቱ የተገኘው «ምን ጎደለው?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ስለተጠየቀ ነው።

ጉዳዩ ወደ አገር ቤት ሲሻገር ይከብዳል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከተቋቋመ አራት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፈዋል። ትራክተር ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው የተስተካከለ ጥገና ነው። መሬት ርጥበቷን ይዛ አራሹን የምትጠብቀው ለጥቂት ሳምንታት ነው። በትራክተር ተማምኖ በሬዎቹን የሸጠ ገበሬ፣ ማሽኑ በሰኔ ከቆመበት የሚያጣው አንድ ቀን ሳይሆን የዓመቱን እንጀራ ነው።

በዚህ በባሕር ማዶ የምንኖር ወገኖች ለትውልድ ቀያችን ትራክተር ለመግዛት ገንዘብ ስናዋጣ ደስ ይለናል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትራክተር ጋር አንድ መልቲሜትር፣ የሁለት ዓመት ፊልትሮ፣ እንዲሁም በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ የብልሽት መፈለጊያ መመሪያ ካልላክን፣ የላክነው ነገ የሚቆም ብረት ነው። ከሲሊከን ቫሊ መሐንዲሶቻችን መካከል ጥቂቶቹ ቅዳሜያቸውን ቢሰጡ ይህ መመሪያ በጥቂት ወራት ያልቃል።

ሌላም ስጋት አለ። አዲሱ ትራክተር ኮምፒውተር ነው። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ2017 በሰኒቬል የሚገኘውን ብሉ ሪቨር ቴክኖሎጂን በ305 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ማሽኑ አረሙን ከሰብሉ እንዲለይ ነው። ይህ የሚደነቅ ሳይንስ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ የብልሽቱን ምክንያት ለባለቤቱ ሳይሆን ለኩባንያው ሶፍትዌር ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ገበሬው የመጠየቅ መብቱን ያጣል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ገበሬዎች መሣሪያቸውን ራሳቸው እንዲጠግኑ የሚያስችል ሕግ አውጥታለች። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥገና ገደብ ጉዳይ በጆን ዲር ላይ ክስ መሥርቷል። የካሊፎርኒያ የጥገና መብት ሕግ ግን የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስን እንጂ የእርሻ መሣሪያን አይነካም። የአሜሪካ ገበሬ ለዚህ መብት የሚሟገት ከሆነ፣ ነጋዴው ተወካይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚርቀው የጎጃም ወይም የአርሲ ገበሬ ምን ይበል? ትራክተር የሚገዙ የአገራችን ተቋማትና ማኅበራት በውላቸው ውስጥ የምርመራ መሣሪያውና የጥገና መመሪያው አብሮ እንዲሰጥ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል፤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚሰማቸው የለም።

የወዳጄ ትራክተር ዛሬም ይሠራል። በመሪው ሥር አንዲት ካርቶን ለጥፏል፤ ከላይ እስከ ታች ጥያቄዎች ተጽፈውባታል፤ የመጀመሪያው «ምን ይሰማል?» የሚል ነው። ባትሪውንና ሞተሪኖውን ለመለወጥ ካወጣው ገንዘብ ሁሉ ይህች ካርቶን ትበልጣለች።