በፖስታ የሚላክ ኩሬ

ግንቦት ሲጋመስ በቢቸናና በደብረ ወርቅ መካከል ያለው የዋልካ ማሳ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምቱን ከብት የጠጣበት፣ ልጅ የተንቦጫረቀበት ኩሬ ከየት እስከ የት እንደነበረ የሚለየው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ሰኔ ገብቶ አንድ ሁለት ሌሊት አጥብቆ ሲዘንብ ግን ኩሬው ተመልሶ ይሞላል፤ እንቁራሪቱም ሲንጫጫ ያነጋል። ያ ሁሉ ፍጥረት በጋውን የት ከረመ? «ከዝናቡ ጋር ወርዶ ነዋ» የሚለው መልስ ጠያቂ ልጅን ዝም ለማሰኘት ይበቃል። እውነቱ ያለው ግን ከእግር በታች፣ አፈር ውስጥ ነው።

እንቁራሪት ይህን ሲያደርግ ማንም አይደነቅም። ዓሣ ቢያደርገውስ?

ያደርገዋል። ደብረ ወርቅ ላይ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዓሣ ቆላ ወዳድ ነው፣ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ብርዱ አያኖረውም። ከሱዳንና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ቦታዎች ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ፣ ክረምት ሞልተው በጋ በሚደርቁ ኩሬዎች የሚኖር ኖቶብራንኪየስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። ወንዱ እንደ ጥምቀት ጃንጥላ በቀይና በሰማያዊ ያሸበረቀ ነው፤ ሴቷ አመድማ ናት። ርዝመታቸው ከጣት አይበልጥም። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ በሙሉ ያልቃሉ። የሚተርፈው ጭቃው ውስጥ የተቀበረው ዕንቁላል ብቻ ነው፣ መጠኑም የጤፍ ፍሬ ቢያህል ነው።

ዓለም ይህን ወገንና ዘመዶቹን ኪሊፊሽ ብሎ ይጠራቸዋል። ከ1,200 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ስሙ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው የግድያ ነገር ይመስላል እንጂ መነሻው «ኪል» የሚለው፣ ትንሽ ወንዝ ማለት የሆነው የሆላንድ ቃል ነው ይባላል። አብዛኞቹ ኪሊፊሾች ዓመቱን ሙሉ በማይደርቅ ውሃ የሚኖሩ ናቸው። የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ያስደነቁት ግን የደረቁ ኩሬ ልጆች ናቸው፤ ምክንያቱም እነዚህን ዓሦች ሰው ከአገር አገር በፖስታ ይላላካቸዋል። በደብዳቤ መላኪያ ከረጢት፣ ያለ ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ አርቢው ጥንዶቹን ፒት የሚባለው ቡናማ ብስባሽ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ያስጥላል። እነሱም በየቀኑ እየተጎናበሱ ዕንቁላላቸውን ብስባሹ ውስጥ ይቀብራሉ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ብስባሹ ይወጣና በወንፊት ይጠለላል፣ ይጨመቃል፣ በጋዜጣ ላይ ተበትኖ ይጠነፍፋል። እርጥበቱን መለካት የእጅ ሙያ ነው፤ ጨብጠው ሲለቁት መንጠባጠብ የለበትም፣ ድርቅ ብሎ እንደ ትቢያም መብነን የለበትም። ከዚያ በላስቲክ ታስሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስድስት ሳምንት የሚበቃው ዝርያ አለ፤ ስድስት ወር የሚፈልግም አለ። ፅንሱ በእነዚህ ወራት ዝም ብሎ አያድግም። በሦስት የተለያዩ የእድገት ደረጃዎች ላይ ቆሞ መተኛት ይችላል፤ ልብ መምታት እስኪያቆም ድረስ የሚያንቀላፋበት ጊዜ አለ።

ቀኑ ሲደርስ አርቢው ጥቂት ዕንቁላል ለቅሞ በአጉሊ መነጽር ያያል። ወርቅማ ክብ ያለው ዓይን ከውስጥ ካፈጠጠበት ደርሷል ማለት ነው። ብስባሹን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘርግፎ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ያፈስበታል። ቅዝቃዜው የዝናብ ምልክት ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከዓይን ሽፋሽፍት የማይበልጡ ዓሦች ይፈለፈላሉ። በዚያው ቀን ምግብ ይፈልጋሉ፤ አርቴሚያ የሚባሉት የጨው ውሃ ደቂቅ ሽሪምፖች ከአንድ ቀን በፊት በሌላ ዕቃ ተፈልፍለው መጠበቅ አለባቸው። ይህን የረሳ ሰው መቶ አስፈልፍሎ አሥር ያሳድጋል። ውሃውን ያለ ጊዜው ያፈሰሰም እንዲሁ ይቀጣል፤ ግልገሎቹ መንሳፈፍ አቅቷቸው በሆዳቸው ወለል ለወለል ሲሳቡ ይቀራሉ።

ግን ሁሉም አይፈለፈሉም። ያልተፈለፈሉትን እንደገና አጠንፍፎ መልሶ ማሰር፣ ከሳምንታት በኋላም ሁለተኛ ውሃ ማጠጣት የተለመደ ነው፤ ሦስተኛም ይኖራል። ይህ ጉድለት አይደለም። ዕንቁላሉ በሙሉ በአንድ ዝናብ አያምንም። ደመናው አታሎ ለአንድ ሳምንት ብቻ ኩሬውን አርሶ ቢሄድ፣ ሁሉም ተፈልፍለው ቢሆን ኖሮ ዘሩ ያን ዓመት ያልቅ ነበር። በልጉን አይቶ የጎታውን ዘር በሙሉ ማሳው ላይ የማይበትን የእነማይ ወረዳ ገበሬ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

የጥድፊያውም ነገር ይገርማል። በሞዛምቢክ ሜዳዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኖቶብራንኪየስ ፉርዜሪ የተባለው ዝርያ ከተፈለፈለ በ14 ቀኑ ለአቅመ መራባት እንደሚደርስ አሳይቷል። የዶሮ ጫጩት እንኳ በዚያ ዕድሜዋ ከእናቷ ክንፍ ሥር አልወጣችም።

ይኸው ፉርዜሪ የሚባለው ዓሣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምስክር ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ዚምባብዌ ውስጥ ጎናሬዡ ከተባለው የዱር እንስሳት ክልል ከአንድ ኩሬ ዓሣውን ካወጣው አሜሪካዊ፣ ከሪቻርድ ፉርዘር ነው። ፉርዘር ዓሣ በማርባት የሚደሰት ሰው ነበር። ያመጣቸው ዓሦች ዘር በወዳጅ ለወዳጅ ዕንቁላል መላላክ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢጣሊያውያኑ ስቴፋኖ ቫልዴሳሊቺና አሌሳንድሮ ቼለሪኖ የዚህ ዘር ዕድሜ ሦስት ወር አካባቢ ብቻ መሆኑን አሳተሙ። እርጅናን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህ እንደ መና ነበር፤ አይጥ ሦስት ዓመት የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ዛሬ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን ማክስ ፕላንክ ተቋም የእርጅና ምርምር የሚካሄድበት እንስሳ ሆኗል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ለማስፈራራት የተተረተ ነው። አንዳንዴ ግን የሚወጣው ዘንዶ ደግ ነው።

ያ ዘር ሠላሳ ዓመት እንዴት ቆየ? በመሰጠት። አሜሪካውያን አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1961 የኪሊፊሽ ማኅበር ሲያቋቁሙ ዓላማቸው መለዋወጥ ነበር፤ እንግሊዞችም ተከተሉ። ያላካፈሉት ዓሣ ዕድሜው መብራት እስኪጠፋ ነው። ይህን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። የሰጠ ሰው ግን የእሱ ገንዳ ቢበላሽ ከተቀባዩ መልሶ ይወስዳል። የደብረ ወርቅ ሴቶች ይህን በእርሾ ያውቁታል፤ ሊጡ ያልሆነላት እመቤት ትናንት እርሾ ከሰጠቻት ጎረቤት ደጃፍ ሄዳ የራሷኑ መልሳ ትለምናለች። እርሾዋን የሰሰተች ከነሊጧ ትቀራለች።

በዚህ መላላክ ውስጥ የማይጣስ ደንብ አለ፤ የዓሣው ስም ብቻውን አይጻፍም፣ የተገኘበት ቦታም አብሮ ይጻፋል። የፉርዘር ዓሦች ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚጠሩት ከጎናሬዡ በተወሰዱ ሦስት ፊደላት ነው። የአንዱን ኩሬ ዓሣ ከሌላው ኩሬ ዓሣ ጋር ማዳቀል በአርቢዎቹ ዘንድ ነውር ነው። በዚህ ጉዳይ ከብዙ መሥሪያ ቤት ይልቅ እነሱ ጥንቁቆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእኛዎቹስ? አሉ፤ ስማቸው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የተገኘ አዲስ ኖቶብራንኪየስ ሲሰየም፣ ከሰያሚዎቹ አንዱ ያው ቫልዴሳሊቺ ነበር። ስሙ ኑባኤንሲስ ተባለ፤ የሱዳን ኑባ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከቄጠማው ሥር የምትርመሰመሰው ትንሿ ኪሊፊሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1883 አንቲኖሪ ተብላለች፤ በምኒልክ ዘመን ሸዋ፣ ልጥ ማረፊያ ተቀምጦ አራዊትና አዕዋፍ ይሰበስብ በነበረው ኢጣሊያዊ ማርኪስ ስም። ሐዋሳ ዳር ቆሮሶና አምባዛ የሚበላ ሰው እሷን አያያትም፤ ብትጠበስ አንድ ጉርሻ አትሞላም።

ደስ የሚለው ታሪክ የአፍዴራው ነው። አፋር ውስጥ ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተኛው፣ ፍልውሃ በሚመግበው ጨዋማ ሐይቅ የሚኖረውን ኪሊፊሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና አሜሪካዊው ኬነት ላዛራ ናቸው። ላዛራ በኪሊፊሽ አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀው የዝርያዎቹን ስም ማውጫ በማሰናዳቱ ነው። ኢትዮጵያዊው ምሁርና የአፍቃሪዎቹ መዝገብ አዋቂ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ዓሣውን ስቲያስኔ ያሉት በኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በምትሠራው የዓሣ ተመራማሪ በሜላኒ ስቲያስኒ ስም ነው። ይህ ጸሐፊ በስሙ አልተከፋም፤ ቢሆንም አፋርኛ ስም ቢሰጠው ምን ነበረበት?

የትንሽ ዓሣ ጥቅም ምንድን ነው ለሚል፣ አሰብ ትመስክር። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመና ዶክተር አዋሽ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበት ጥናት፣ የአፍዴራው ዓሣ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የቀይ ባሕር ዳርቻ ኪሊፊሽ በወደብ ከተማይቱ የወባ ትንኝን እጭ ለመቀነስ ሞክሮት ውጤት አግኝቷል። የተመረጠው የአገሬው ዓሣ ነበር። ለዚሁ ሥራ በየአህጉሩ የተለቀቀው የአሜሪካው ጋምቡዚያ በብዙ ቦታ የአገሬውን ዓሣ ግልገል እየበላ መከራ ሆኗል። ስለዚህ ከገበያ የገዛውን የጌጥ ዓሣ ሲሰለቸው ሱሃ ወንዝ ወይም ዓባይ ውስጥ የሚለቅ ሰው ካለ፣ ርኅራኄው ለሌላው ዓሣ ቅጣት መሆኑን ይወቀው።

ወደ መለዋወጡ ነገር እንመለስ። መስጠትን የሚፈሩ ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ ጤፍን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በተፈረመ ስምምነት የጤፍ ዘር ሄደ፣ ኩባንያው በዱቄቱ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ባለቤትነቱ ፈጠራ የለበትም ተብሎ በሄግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህን የሰማ የእነማይ ጤፍ አምራች እፍኝ ዘር ለእንግዳ ለመስጠት ቢያመነታ አይፈረድበትም። ግን ዶክተር መላኩ ወረደ ያስተማሩትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያሸለማቸው ዘርን በቀዝቃዛ መጋዘን መቆለፍ ብቻ አልነበረም፤ ከገበሬው ማሳ እንዳይጠፋ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር ማድረግ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የጄኔቲክ ሀብትን ውሰዱ የሚልበት መንገድ አለው፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከየት እንደወሰዳችሁ አስመዝግቡ፣ ጥቅሙን አካፍሉ ይላል። የኪሊፊሽ አርቢው ከረጢት ላይ የምትጻፈው የቦታ ስም ያንኑ በትንሹ ትሠራለች። ጤፉን የጎዳው መሰጠቱ አልነበረም፤ ያለ ጠባቂ መሰጠቱ ነው።

ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ሰበታም አለ። ሥራቸው በአብዛኛው ስለሚበላ ዓሣ ነው፤ በረሃብ አገር ይህ አያስወቅስም። አንድ ጥግ፣ አሥር የመስታወት ገንዳ፣ አርቴሚያ የሚፈለፈልበት ጠርሙስና ጥቂት የሚጓጉ ተማሪዎች ግን ብዙ ወጪ አይደሉም። የሞጣ ወይም የደብረ ወርቅ ተማሪ በእጁ ውሃ አፍስሶ ከደረቀ አፈር ዓሣ ሲወጣ ቢያይ፣ ስለ ሕይወት የተጻፈ ምዕራፍ ሙሉ የማያስረዳውን በአንድ ከሰዓት ይረዳል።

የአፍዴራው ዓሣ ግን በዚህ መንገድ አይተርፍም። ዕንቁላሉ ድርቅ አይችልም፤ በከረጢት ታስሮ መሳቢያ ውስጥ አይከርምም፣ በፖስታ አይሄድም። ያለው ሐይቁና ምንጮቹ ብቻ ናቸው። ከዚያው ሐይቅ ዳር በየዕለቱ ጨው የጫኑ መኪናዎች ይነሳሉ፤ በአገሪቱ የሚበላው ጨው አብዛኛው ከዚያ ነው። ቢቸና ገበያ በኪሎ ተመዝኖ፣ ደብረ ወርቅ ሽሮ ውስጥ የሚገባው ጨው ያ ዓሣ ሲዋኝበት ከኖረው ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል።