ስድስተኛው ጨዋታ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኳስ ነው። “ፓስተር ደግሞ ከኳስ ምን አገናኘው?” የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጥቂት ታገሡን።

በ2016 ማብቂያና በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ፣ ሞሮኮ ላዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ስድስት የማጣሪያ ጨዋታዎች አደረጉ። በምድቡ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ታንዛኒያና ጊኒ ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከታንዛኒያ ጋር ያለ ግብ ተለያዩ። ጳጉሜን 4 ቀን በኮንጎ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በጥቅምት ወር በጊኒ 4 ለ 1፣ ከሦስት ቀን በኋላም በዚያችው ጊኒ 3 ለ 0 ተረቱ። ኅዳር 7 ቀን ታንዛኒያ 2 ለ 0 አሸነፈቻቸው። አምስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ግብ። የማለፍ ተስፋ አበቃ።

ልብ የሚነካው ሌላም ነገር አለ። “በሜዳችን” ከተባሉት ሦስት ጨዋታዎች አንዱም በአገራችን አልተደረገም። ኮንጎን ያስተናገድነው በዳሬ ሰላም፣ ጊኒን በኮትዲቯር፣ ታንዛኒያን በኪንሻሳ ነው። ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ብሎ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስለከለከለ፣ ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን በአዲስ አበባ ያነሣች አገር፣ እንግዶቿን በሰው ቤት ተቀበለች። ለእኛ ለዳንግላ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባሕር ዳር ከእኛ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱት በዚያው ስታዲየም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በመድረካችን ላይ ቆመን “ይህ ዓመት የድል ዓመት ነው” ብለን አውጀናል። ሕዝቡም “አሜን” ብሏል። አንዳንዱ በወረቀት ጽፎ በቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ያ ዓመት በክልላችን ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሰው ወጥቶ እስኪገባ ልብ ሲንጠለጠል የከረመበት ዓመት ነው።

በዚያው ዓመት ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። ጾሞ፣ ጸልዮ፣ እጅ ተጭኖበት ነው የሄደው። ውጤቱ ሲመጣ በአገር ደረጃ ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርሱ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። ለሳምንታት በአምልኮ ሳናየው ቀረንና ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፈላች። እርሱ ብዙም አልተናገረም። ልንነሣ ስንል ግን አንድ ነገር ጠየቀን፦ “ፓስተር፣ ያ የድል ዓመት የማን ነበር?”

መልስ አልነበረንም። ሥነ መለኮት ተምረናል፤ ለብዙ ዓመታት ሰብከናል፤ በዚያች ቀን ግን ቡናችንን ጨርሰን ዝም አልን።

ወገኖች ሆይ፣ ጥፋቱ የልጁ እምነት ማነስ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ የአገልጋዮች ነው። ጌታ ያልሰጠንን ቃል በጌታ ስም ተናግረናል። የማሸነፍን እምነት አስተምረን፣ ተሸንፎ የመቆምን እምነት ሳናስተምር ቀርተናል። ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ስንሰብክ እስከ ቁጥር 35 መጀመሪያ ድረስ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ መንግሥታትን ድል የነሡትን፣ ከሰይፍ ያመለጡትን እንቆጥራለን። ከዚያ በኋላ ምዕራፉ ይታጠፋል። ያላመለጡት፣ የተገረፉት፣ በመጋዝ የተሰነጠቁት ይመጣሉ። በእምነታቸው የተመሰከረላቸው እነዚህም እነዚያም ናቸው። እኛ ግን እጥፋቱ ላይ ስንደርስ መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንዘጋለን።

ወደ ዋልያዎቹ እንመለስ፤ ስድስተኛው ጨዋታ ይቀራልና። ኅዳር 10 ቀን፣ በኪንሻሳ፣ በባለሜዳው ሕዝብ ፊት፣ ምድቡን ይመራ ከነበረውና ማለፉን አስቀድሞ ካረጋገጠው ኮንጎ ጋር ተጋጠሙ። ለእኛ ልጆች በዚያ ጨዋታ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ቢያሸንፉም አያልፉም። ቢሸነፉም ከመጨረሻው ደረጃ በታች ቦታ የለም። እነርሱ ግን ማሊያቸውን ለብሰው ገቡ፤ ሮጡ፤ 2 ለ 1 አሸነፉ።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። “አያችሁ፣ በስድስተኛው ድል ይመጣል፤ አሜን በሉ!” ማለት ይቀናናል። እንዲህ ካልን ያንኑ የቀድሞውን ስህተት በሌላ ልብስ አመጣነው ማለት ነው። ድሉ ምንም አልቀየረም። ነጥባችን 4 ሆነ፤ ደረጃችን ያው የመጨረሻው ነበር፤ ወደ ሞሮኮ አላለፍንም። ቢሸነፉ ኖሮም የዛሬው ቃላችን አይለወጥም ነበር። የሚደንቀን ውጤቱ ሳይሆን መግባታቸው ነው፤ ሽልማት በሌለበት ቀን እንዳለበት ቀን መሮጣቸው ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ ወደ ጴጥሮስና ጓደኞቹ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል። ምን ሲያደርጉ አገኛቸው? መረባቸውን ሲያጥቡ። ምንም ያልያዘ መረብ ለምን ይታጠባል? ነገም ዓሣ አጥማጅ ስለሆኑ ነው። ሌሊቱ ዓሣውን ነሥቷቸዋል፤ ማንነታቸውን ግን አልነሣቸውም። ደግሞም አስተውሉ፣ በኋላ ያን ሁሉ ዓሣ ከያዙ በኋላ ሁሉን ትተው ጌታን ተከተሉት። ዋናው ነገር ዓሣው አልነበረም ማለት ነው። ዋናው ባዶዋ ታንኳ ላይ የወጣው ጌታ ነው። እርሱ ታንኳዋን የፈለጋት ገና ባዶ ሳለች ነው።

እኛ የፈረስ አገር ሰዎች ነን። በአዊ ምድር ጋላቢ ከፈረስ ወደቀ ተብሎ ጋላቢነቱ አይቀርም። በቤተ ክርስቲያን ግን የወደቀውን ልጅ “እምነትህ የት ሄደ?” ብለን ከኮርቻው እናርቀዋለን።

ስለዚህ አብረውን ለሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ መስከረም ሲጠባ ዓመቱን መሰየም እንተው፤ ዓመቱን ለጌታ አደራ መስጠት ይበቃናል። ሁለተኛ፣ በምስክርነት ሰዓት ማይክራፎኑን ለአሸናፊዎች ብቻ አንስጥ። ልጇ ያልተፈወሰላት እናት፣ ሥራ ያጣ አባት፣ ፈተና የወደቀ ልጅ ወጥተው “አልተሳካልኝም፤ ዛሬም ግን ጌታዬን አመልካለሁ” ይበሉ። ያ ምስክርነት ነው። ጉባኤውም “አሜን” ይበል፤ ያውም ከሌላው ቀን ጮክ ብሎ።

ወደዚያ ልጅ ቤት ተመልሰን ሄደናል። “ልጄ፣ ያንን ያወጅነው እኛ ነን እንጂ ጌታ አይደለም፤ ይቅር በለን” አልነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን። አሁን አንዳንድ እሑድ ይመጣል፤ ከኋላ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከቡራኬው በፊት ይወጣል። አንቸኩልበትም። በመጣባት በእያንዳንዷ እሑድ ግን እርሱ ስድስተኛውን ጨዋታ እየተጫወተ እንደሆነ እናያለን፤ እኛም ከእርሱ እንማራለን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።