ስንዴ ለማይስማማው ልጅ የሚጋገር የጤፍ ዳቦ

በዓል ደርሶ ድፎ ዳቦ የማይቈረስበት ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። በቦሌ ሚካኤልም ሆነ በገርጂ ወይም በአያት ሰፈር፥ ዳቦው ተባርኮ ከተቈረሰ በኋላ ለልጆች ሁሉ ድርሻቸው ይታደላል። ነገር ግን ከመካከላቸው ስንዴ የማይስማማው አንድ ልጅ ሲኖር፥ ወይ ከወንድሞቹ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ወይም አክስቱ «አንዲት ቍራሽ ምን ታደርገዋለች» ብላ ታጐርሰውና ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ያድራል። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን፥ ይህ ልጅ ከወንድሞቹ ጋራ ሊበላው የሚችለውን ዳቦ በቤት ስለ መጋገር ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በሽታውን ሐኪሞች ሴሊያክ ይሉታል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ሊጡን እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ በሽታው ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የራሱ ሰውነት በትንሹ አንጀቱ ላይ ይነሣበታል፥ የበላውም ምግብ በሚገባ አይዋሐደውም፤ ልጅ ከሆነም ዕድገቱ ይጓተታል። ስንዴ መንሥኤ መሆኑን መርምረው ካስረዱት ሰዎች ቀዳሚው፥ በ1950 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ጥናቱን ያቀረበው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲኬ ነው። ነገር ግን ልጁን ሐኪም ሳያየው ስንዴን ከገበታው አታንሡ፤ የደሙ ምርመራ በትክክል የሚታወቀው ልጁ ስንዴ እየበላ ሳለ ነውና።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይህን ሰምቶ ልቡን ያሳረፈ ሰው ግን ቸኵሎአል፤ ተጋግሮ የሚሸጥ እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም፥ ጠዋት ስንዴ ከሰዓት በኋላ ጤፍ የሚፈጭበት ወፍጮም የስንዴውን ብናኝ ለጤፉ ያወርሰዋል። ስለዚህ እህሉን ከሾላ ገበያም ሆነ ከሌላ ስፍራ በፍሬው ገዝቶ፥ አስለቅሞ፥ ጤፍ ብቻ በሚፈጭበት ወፍጮ ወይም በቤት መፍጫ ማስፈጨት ይሻላል። ድካሙ ብዙ ቢሆንም ከዚህ የቀለለ መንገድ አናውቅም።

እርሾ ሳያስፈልግ በሶዳ የሚነፋውን ዳቦ በ19ኛው መቶ ዓመት በብዙ የለመዱት የአየርላንድ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ሶዳውን ከአሬራ ጋራ ያገናኙታል፤ የአሬራው ኮምጣጣነት ሶዳውን ሲነካው ጋዝ ይወጣል፥ ሊጡንም ያነሣዋል። አሬራ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

3 ኩባያ የነጭ ጤፍ ዱቄትና እንደ ጤፉ በጥንቃቄ የተፈጨ 1 ኩባያ የማሽላ ዱቄት በወንፊት ነፍቶ ከጨው ጋራ መደባለቅ ነው። በጤፍ ውስጥ የሚያያይዝ ስለሌለ፥ 2 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በሙቅ ውኃ በጥብጦ እስኪዝለገለግ ድረስ ማቈየት ያስፈልጋል፤ ያለዚህ ዳቦው እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ሶዳው የሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ብቻ ይሁን። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ስለሆነ ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል፤ በቈላ አገር ልክ የተጨመረበት ሊጥ በእኛ ዘንድ ቶሎ ተነሥቶ መካከሉ ይወድቃል። ከበዛም ዳቦው ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከዚህ በኋላ 2 እንቍላል ተመትቶ ከተልባውና ከ2 ኩባያ ተኩል አሬራ ጋራ ይጨመራል። ሊጡ አይታሽም፤ ጋዙ ሳያመልጥ ፈጥኖ ወደ ምድጃ መግባት አለበት። በ200 ዲግሪ እሳት 45 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መብራት ቢጠፋ (ይህም በሰፈራችን ብርቅ አይደለም) በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ እንደ ድፎው ከታችም ከላይም ፍም ማድረግ ነው። ስንዴ የተጋገረበት ምጣድ ግን አይሆንም፤ ቢላዋውም ሌላ ይሁን።

ሳይቀዘቅዝ አይቈረስ። በጾም ወራት በአሬራው ፈንታ ውኃና የሎሚ ጭማቂ ገብቶ፥ እንቍላሉም ቀርቶ ተልባው በእጥፍ ይደረጋል፤ ዳቦው ጥቂት ጠንከር ይላል፥ በማር ግን ይበላል።